ጭብጥና አውራ ጣት

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7
ዝናብ። ልብስ አጥቤ ወጥ ቤት ውስጥ አሰጣሁ። ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል። ኦስዊን ያው ነው። ስትሮክ ከጣለው ሦስት ሳምንት ሆነው... ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም። እኔን ሚስቱን እንኳ በስሜ አይጠራኝም። የቀረችው አንዲት ቃል ናት፦ "ፊስትሚል"። ግራ እጁን ጨብጦ፣ አውራ ጣቱን ቀጥ አድርጎ ያነሳና ይላታል። ነርሷ ብሪጂት "ደህና ነኝ" ያለ ይመስላታል። እሷም አውራ ጣቷን ታነሳለታለች። "ጎበዝ፣ የኔ ጌታ" ትለዋለች።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9
ብሪጂት ዛሬ ከዚያች ቃል መጨረሻ "ሚል" የሚለውን ለይታ ሰማች። ሚል ማለት ምግብ ነው፣ ምግብ ጠየቀ ብላ ሾርባ አመጣችለት። ገፋው። አንሶላው ላይ ፈሰሰ። አለቀሰ። እናቱን ስንቀብር እንኳ አላለቀሰም።
ያችን ቃል ድሮም ከአፉ ሰምቻታለሁ፣ የቀስት ደጋን ሲሠራ። አርባ አንድ ዓመት ከደጋን ሠሪ ጋር ኖሬ ምን ማለት እንደሆነች አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ለምን? እንጃ። የእኔ ድርሻ ከምንጣፉ ላይ የእንጨት ብናኝ መጥረግ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11
ክሌመንት ጋ ሄድኩ። የቀስተኞች ክበብ ሽማግሌ፣ ጡረታ የወጣ የታሪክ አስተማሪ። ምልክቱን በእጄ ሳሳየው ሻዩን አስቀመጠ።
"ደህና ነኝ እያለ አይደለም፣ ዊኒ። መለኪያ ነው።"
ደጋን አውርዶ ገመዱን ወጠረ። ጭብጡን ደጋኑ መሀል ላይ አሳረፈ፤ የአውራ ጣቱ ጫፍ ገመዱን ነካ። በእንጨቱና በገመዱ መካከል ያለው ያ ርቀት ነው ፊስትሚል። ካነሰ ገመዱ ክንድ ይገርፋል። "ፊስት" ያው ጭብጥ ነው። "ሚል" ደግሞ ድሮ ልክ ማለት ነበር አለኝ። የምንበላውም ሚል ከዚያው የመጣ ነው፤ መጀመሪያ የተለካ ሰዓት፣ ኋላ በሰዓቱ የሚበላው ምግብ። ብሪጂት ያን ያህል አልተሳሳተችም እንግዲህ... ሳቅኩ። ክሌመንት አልሳቀም።
"ሲወድቅ ደጋን ወጥሮ ነበር?"
አላውቅም አልኩት።
"ተወጥሮ ከከረመ እንጨቱ ይጎብጣል። ከጎበጠ ገመዱ ቢወልቅም አይመለስም።"

እሑድ፣ ኦክቶበር 12
መሥሪያ ክፍሉን ከፈትኩ። ከወደቀ ወዲህ አልገባሁም ነበር። ደጋኑ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ገመዱ እንደተወጠረ። እንጨቱን አውቀዋለሁ። በተጋባን ዓመት የገዛው ነው። "ይቆይ፣ ገና ነው" እያለ ሲያስቀምጠው... ይሄኛው አይሸጥም ይል ነበር።
ገመዱን ለማውለቅ ግማሽ ሰዓት ታገልኩ። ወለቀ። እንጨቱ ግን እንደጎበጠ ቀረ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 13
ገና ስገባ እጁን አነሳ። ያዝኩለት።
"ገመዱን አውልቄዋለሁ" አልኩት።
ዓይኑን ከፊቴ አልነቀለም። ምን እንደሚጠይቀኝ ገባኝ።
"ቀጥ ብሏል።"
ውሸት። ስንት ጊዜ ዋሽቼዋለሁ በአርባ አንድ ዓመት? እንዲህ ያለ ግን... ጭብጡ እጄ ውስጥ ቀስ ብሎ ተፈታ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 24
ከዚያ ቀን ወዲህ እጁን አላነሳም። ቃሏንም አላላትም። ሐኪሙ ተረጋግቷል ይላል። ብሪጂት ግን ምን ነካው፣ ያ ደስተኛ ሰውዬ፣ እያለች ትጠይቀኛለች። ምን ልበላት?
ዛሬ ጆሮው ስር ተጠግቼ ቃሏን እኔው አልኳት። ፊስትሚል። እሱም መልሶ ቢላት ድምፁን ልሰማ ብዬ እንጂ ሌላ ጉዳይ የለኝም።
አየኝ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረ።