ሳይመረቅ ስለተመረቀው የማዋለጃ ክፍል

ለተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፣
የእናቶችና የሕፃናት ጤና ምርጥ ዘገባዎች ሸላሚ ኮሚቴ፣
አዲስ አበባ
ነሐሴ ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ይህ የነሐሴ ብርድ ወገብዎንና ጉልበትዎን ሳይነካ እንዲያልፍ፣ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲመላለሱም መኪናዎ ጭቃ ውስጥ እንዳይቀረቀር ከልብ እየተመኘሁ፣ ከቀበና ወንዝ ማዶ፣ ከእንጦጦ ሥር የምንኖር ሰዎች የተሰማንን ደስታ ለመግለጽ ይህን ጽፌያለሁ። በፖስታ ብልከው መዝገብ ቤትዎ ውስጥ ከሌሎች የደስታ መግለጫዎች ጋር እንዳይጋፋ ሰግቼ በቀበሌያችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ሰሌዳው ከስኳር ተራ በቀር የሚነበብ ነገር ካጣ ሰንብቷል።

ደስታችን የጀመረው ኮሚቴዎ የዓመቱን አንደኛ ሽልማት ለጋዜጠኛ ዓምደ ሚካኤል መስጠቱን በሬዲዮ የሰማን ዕለት ነው። የተሸለመበት የጋዜጣ ጽሑፍ የእኛኑ ክሊኒክ አዲስ የማዋለጃ ክፍል ምርቃት የሚመለከት ስለሆነ እንደ ቤታችን ሠርግ ቆጠርነው። ሥራዬ መጽሐፍ መጠረዝ ነው፤ የመጣልኝን ሳላነብ ስለማልመልስም ያማረ ጽሑፍ ሳይ አውቀዋለሁ። የክብር እንግዳው ሪባኑን ሲቆርጡ፣ እናቶች በእልልታ ሲቀበሏቸው፣ አንዲት ባልቴት የደስታ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እንከኑ አንድ ብቻ ነው፤ ምርቃቱ አልተደረገም።

ይህን የምለው ጋዜጠኛውን ለመክሰስ አይደለም። ክፍሉን በየእሑዱ ድንጋይ ተሸክመን የሠራነው እኛው ነን። በግንቦት ሥራው አልቆ ቀይ ሪባን ተወጠረበት፤ የክብር እንግዳው መጥተው እስኪመርቁትም በሩ ታሸገ። እንግዳው አስቸኳይ ስብሰባ ገጠማቸው። ዓምደ ሚካኤል ግን ጽሑፉን የሚያስረክብበት ቀን ስለደረሰበት እሳቸውን ሳይጠብቅ መረቀው። ክረምቱ ገብቶ ሊወጣ ነው፤ እንግዳው እስከ አሁን መንገድ ላይ ናቸው። ኮሚቴዎ ለሽልማቱ የሰጠው ምክንያት፣ ጋዜጠኛው «በቦታው ተገኝቶ በዓይኑ ያየውን በመዘገቡ» የሚል መሆኑ ደግሞ በተለይ ልባችንን ነክቶታል።

ይሁንና ደስታችንን የሚያደበዝዙ ጥቃቅን ነገሮች አሉና፣ በትዕግሥትዎ ተማምኜ በቁጥር አቀርባቸዋለሁ።

፩ኛ/ የቀበሌያችንን ሊቀመንበር «በሩ ይከፈትልን» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «ሳይመረቅ ይከፈታል እንዴ?» አሉን። «እንግዲያው ይመረቅ» ስንላቸው ደግሞ ጋዜጣውን ከመሳቢያቸው መዝዘው፣ «አንድ ቤት ስንት ጊዜ ነው የሚመረቀው? ጋዜጣውን ልታስዋሹት ነው?» ብለው ተቆጡ። ሁለቱንም መልሶች ተቀብለን፣ አመስግነን ወጣን።

፪ኛ/ ጫልቱ የምትባል ጎረቤታችን ወሯ ገብቷል። ቤቷ ዳገቱ ላይ ነው። አምና ምጥ ሲይዛት ባሏ በዳዳና ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ይዘዋት ወደ ከተማ ሲወርዱ፣ ቀበና ድልድይ ሳይደርሱ ሕፃኑ ሞተባት፤ እሷም የተረፈችው ለጥቂት ነው። ክፍሉ ሲሠራ ከሁላችንም አብልጦ ድንጋይ የተሸከመው በዳዳ ነበር። የተሸለመውን ጽሑፍ ሳነብለት እስከ መጨረሻው በጥሞና አዳመጠና፣ «ጋሼ ሙዘይን፣ ጋዜጣው ላይ ወዳለው ክፍል በየት በኩል ነው የሚገባው?» አለኝ። ጥያቄው ከእኔ አቅም በላይ ስለሆነ ለእርስዎ አስተላልፌዋለሁ።

፫ኛ/ ሦስተኛው ነገር ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ ስለማይመች ቁጥሩን ብቻ አስቀምጬ አልፌዋለሁ።

፬ኛ/ ዘሙሩድ የምትባል የሬዲዮ ጋዜጠኛ አለች። ሁለታችንም የሙስሊም ስም መያዛችን እንዳያሳስብዎ፣ ዝምድና የለንም። ይህች ልጅ ከአውቶቡሱ መጨረሻ ፌርማታ ተነሥታ፣ ጫማዋን ጭቃ ሲይዝባት አውልቃ በእጇ አንጠልጥላ፣ ዳገቱን በባዶ እግሯ ወጣች። ጫልቱንና በዳዳን አነጋገረች፤ አዋላጇን ሲስተር የማርያምወርቅንም በታሸገው በር ፊት አቁማ ድምጿን ቀዳች። ሲስተር፣ «አዋላጅ ተብዬ ተቀጥሬ መንገድ አሳዪ ሆንኩ፤ ምጥ የያዛትን ሁሉ ‹በዚህ ውረጂ› ነው የምላት» ስትል እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ። እርስዎ ግን አልሰሙም፤ ዝግጅቱ አልተላለፈምና። አለቃዋ፣ እንደ ሰማነው፣ «የተመረቀ ቤት ዝግ ነው ትያለሽ? ጋዜጣ አታነቢም?» ብሎ ገሥጿት፣ ከዚያ ወዲህ የሞት ማስታወቂያ እንድታነብ መድቧታል። ምደባው አርቆ አሳቢነት አለበት። እናቶቻችን በር ላይ የሚቀሩ ከሆነ ዜናቸው ዞሮ ዞሮ እሷው እጅ መግባቱ አይቀርም።

ክቡር ሆይ፣ ለዘሙሩድ ሽልማት ስጡልን አንልም፤ ዋንጫ ታቅፋ ያንን ዳገት መውጣት ይከብዳታል። ወደ ሥራዋ ብትመልሷትና የቀዳችው ድምፅ ቢሰማ ይበቃናል። ዓምደ ሚካኤልንም የተሸለመውን ሰዓት ይመልስ አንልም፤ ከጊዜው ቀድሞ የሚሄድ ሰው ሰዓት ያስፈልገዋል። ይልቅስ አንድ ነገር ቢተባበረን እንለምናለን። እሱ የጻፈው ሁሉ እንደተደረገ የሚቆጠር ከሆነ፣ ጫልቱ በሰላም መገላገሏንና ሕፃኑም እሪ ብሎ ማልቀሱን ከወዲሁ ይጻፍልን። እስከዚያው ግን፣ ጋዜጣውን አለማመን አይምሰልብንና፣ ቃሬዛውን አናፈርሰውም።

ኮሚቴዎ ደጃችንን ሳይረግጥ ደስታችንን አውቆ ስለሸለመልን ያለኝን አድናቆት ደግሜ እየገለጽሁ፣ ለከርሞው ሽልማት ገና መሠረታቸው ያልተቆፈረ ክሊኒኮች እንደማይጠፉ በመተማመን፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

ሙዘይን ጀማለዲን
መጽሐፍ ጠራዥ፣ ከቀበና

ማስታወሻ፦ ይህ የተጨመረው ደብዳቤው ከተለጠፈ በኋላ፣ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ስለሆነ ጽሑፉ ቢንጋደድ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ጫልቱን ምጥ ያዛት። ወንዙ ሞልቶ ድልድዩ አላሳልፍ ስላለ ሴቶቹ ደግፈው ወደ ታሸገው ክፍል አመጧት። እሽጉን እንዲጠብቅ የተመደበው የአብዮት ጥበቃ ጓድ፣ ስሙ ለጊዜው ጠፍቶብኛል፣ ጠመንጃውን እንዳነገተ አያቸውና፣ «እኔ የታዘዝኩት በሩን ነው፤ ስለ መስኮቱ ማንም ምንም አላለኝም» ብሎ ፊቱን ወደ ባሕር ዛፉ አዞረ። ሲስተር ቀድማ ዘላ ገባች፤ በዳዳና ሴቶቹ ጫልቱን አንሥተው አቀበሏት። ሴት ልጅ ተወልዳለች፤ ጩኸቷ ከታች ከመንገዱ ድረስ ተሰምቷል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሌላ እናት በዚያው መስኮት ገብታለች። በሩ እንደታሸገ፣ ሪባኑም እንደተወጠረ ስለሆነ ምርቃታችሁን የነካባችሁ የለም። የክብር እንግዳው የመጡ ዕለት ግን ጭብጨባው ቀስ ይበል፤ ውስጥ የተኙ አራሶች አሉ።