በወ/ሮ እናኑ ጀርባ ላይ ያሉት ጠባሳዎች

የካቲት 3፣ 11 ሰዓት
ከሰባ በላይ ታካሚ። ምሳ የለም። አብዛኛው ሳል። አንዲት የጉና ሴት ጀርባዬን ካመመኝ ወራት ሆነኝ አለች። ገብስ ስትሸከም የከረመች ናት፤ ጫና ነው ብዬ ማስታገሻ ጻፍኩላት። ብርድ ነው፤ ጋቢዋን ሳታወልቅ ሄደች። ደብተሬ፣ ዛሬ ሌላ የምነግርህ የለም።

የካቲት 27፣ ጠዋት 4 ሰዓት
ያቺ የጉና ሴት ተመልሳ መጣች። በቃሬዛ። ጎረቤት እየተፈራረቀ ተሸክሞ እስከ መኪና መንገድ አወረዳት። ስሟ ወ/ሮ እናኑ። እግሮቿ ዝለዋል፤ ቀኙን ጭራሽ አታነሳውም። ካርዷ ላይ የራሴ ጽሕፈት።
ዛሬ ልብሷን አስወለቅኩ። ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ አጥንቷ ጎብጦ ወጥቷል። ዙሪያውን አምስት የተተኮሰ ጠባሳ። የከረመ ነው፤ ወጌሻ በጋለ ብረት ተኩሷት ነበር። ያን ቀን ጋቢዋን ባስወልቃት ኖሮ አየው ነበር። አፈርኩ።

የካቲት 28
ራጅ፦ ሁለት አከርካሪ ተበልቷል፣ መሀላቸው ጠቧል። የአከርካሪ ቲቢ ይመስላል። አጥንቱ ዙሪያ መግል ቋጥሯል፤ እርግጠኛ ለመሆን መግሉ መመርመር አለበት፤ እዚህ የሚቀዳልን የለም። ወደ ባሕር ዳር ላክኳት። ወንድሟ ሞላ አብሯት ሄደ።

መጋቢት 6
ተመለሰች፤ አስተኛኋት። መግሉ በመርፌ ተቀድቶ ተመርምሯል። ቲቢ ነው። ቀዶ ሐኪሙ እግሯ እየባሰ ካልሄደ በመድኃኒት እንጠብቅ ብሏል። ክኒን ለአንድ ዓመት። ሞላ በእግሯ ትሄዳለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት።

መጋቢት 11
ሲስተር ዓለም የጠዋቱን ክኒን ከትራሷ ሥር አገኘችው። ጾም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታቆየዋለች። ተቆጣሁ። ሲስተር ሳቀች፤ በቀን አንዴ በባዶ ሆድ ብዬ ያዘዝኩት ራሴ መሆኔን አስታወሰችኝ። እውነቷን ነው። ካርዱ ላይ 9 ሰዓት ብዬ አረምኩ።

ሚያዝያ 17፣ 10 ሰዓት
ቀኝ እግሯ ተነሳ። አንድ ስንዝር። ደስ አለኝ፣ በጣም።
ሞላ ግን ተናዷል። ያሽመደመዳት ወጌሻው ነው ይላል። ነገ አገሩ ገብቶ ሊጠይቀው ነው። ዱላውን አልጋው ሥር አይቻለሁ።
እሷ ቀስ ብላ፦ «ተው ሞላ። አምስት ቦታ ተኩሶ እንቢ ሲለው፣ ይሄ የእጄ አይደለም፣ ሐኪም ቤት ሂጂ ብሎ የላከኝ እሱ ነው። ማስታገሻ ሰጥቶ የመለሰኝስ ሐኪሙ ነው።»
የትኛው ሐኪም? አላት። ሁሉም ነጭ ገዋን ነው የሚለብሱት፣ መልኩ ጠፋኝ አለች።
እኔ አልጋዋ ግርጌ ቆሜያለሁ። ካርዱ በእጄ። አጥፌው ወደ ቀጣዩ አልጋ አለፍኩ።

ሚያዝያ 18፣ ጠዋት 1 ሰዓት
እንቅልፍ የለም። ሞላ ረፋድ ላይ ወደ አገሩ ይነሳል። እሱ ዱላውን ሳያነሳ ካርዱን ይዤ እገባለሁ። የየካቲት 3ቱን አነብላቸዋለሁ፤ ከሥሩ ያለውን ስም ጭምር።