ለዳክዬዎቹ የተባለው ውሃ

ውድ እማማ ፓይ፣

በወንዝ እየዞረ እርሻ ከሚያጠጣ የቀርከሃ መንኮራኩር መብራት ይወጣል ወይ? ከሃኖይ ተመርቄ የመጣሁ ሰሞን መንደሩ ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነበር። እርስዎ ብቻ፣ "ካልሞከረው በምን ያውቃል? ተዉት እስቲ ልጁን" ብለው አፋቸውን አስያዙልኝ።

መብራት የሚያመነጨውን ዲናሞ ከመንኮራኩሩ ጋር አያይዤ አምፖሎቹ የበሩ ዕለት ጎረቤታችን ቶአን፣ "በል ኢንጂነር፣ ሚስቴ ዛሬ ፊቴን በደንብ አይታ ትፈታኛለች" ሲል እርስዎ እንዴት እንደሳቁ አልረሳም። እኔ ግን ያኔውኑ አይቻለሁ። ዲናሞው ከብዶት መንኮራኩሩ ዝግ ብሏል፤ ወደ ቦዩ የሚያወጣው ውሃም ቀንሷል። ውሃ ሲያንስ መጀመሪያ የሚደርቀው ቦዩ መጨረሻ ላይ ያለው የእርስዎ ማሳ ነው። ቆይቼ አስተካክለዋለሁ አልኩ።

ከዚያ ባልዲ ተሸክመው ከወንዙ ዳገቱን ሲወጡ አገኘሁዎት።

"እማማ፣ ይሄ ሁሉ ውሃ ለምንድን ነው?"

"ለዳክዬዎቹ ነው የኔ ልጅ። አንተ ሥራህን ሥራ።"

ዳክዬዎቹ ግን ለአዲስ ዓመት ታርደው አልቀው ነበር። እኔም ቁጭ ብዬ በልቻለሁ። ይህን እያወቅሁ "እሺ" ብዬዎት አለፍኩ። ከሁሉ የማፍረው በዚያች "እሺ" ነው።

ወገብዎን አሞዎት ልጅዎ ዘንድ ከሄዱ በኋላ ማሳዎ ገባሁ። መሬቱ ጣት እስኪያስገባ ተሰነጣጥቋል። ዳር ዳሩ ያለው የሩዝ ችግኝ ደርቋል፤ ባልዲዎ የደረሰበት መሃሉ ግን ገና አረንጓዴ ነው። በዚያው ወደ ወንዙ ወርጄ ዲናሞውን ፈታሁት።

"ምነው፣ ሚስቴ አይቼው በቃኝ አለችህ እንዴ?" አለኝ ቶአን። ምክንያቱን ስነግረው ቀልዱን ተወ። "እኛም እኮ ሲሸከሙ አይተናቸዋል" አለ፤ ሁለታችንም አቀረቀርን።

አሁን ውሃው ማሳዎ እየገባ ነው። ለመብራት ብቻ የሚሆን ሌላ መንኮራኩር ከታች ልንሠራ ቀርከሃው ተቆርጧል። ነገር ግን መንኮራኩር ሲሠራ የመጀመሪያዋን ማሰሪያ ሁልጊዜ የሚቋጥሩት እርስዎ ስለሆኑ ማንም እጁን አልዘረጋም። ይመጣሉ? በልጅዎ ስልክ አንድ ቃል ይላኩልኝ። ሁለት የዳክዬ ጫጩቶች ጓሮዎ ለቅቄያለሁ። ከእንግዲህ ውሃው ለነሱ ነው ቢሉኝም፣ ባልዲውን የምሸከመው እኔ ነኝ።

ቀና ብሎ ሊያይዎት ያፈረው
ኮይ