ባለ ሦስት ጆሮው ከረጢት

የካቲት 23፣ 2014 ዓ.ም.፣ መርሳ፣ ጠዋት

ማሾው ታምሶ ተከክቷል። ወፍጮው እስኪሞቅ ላንተ ልንገርህ፣ ማስታወሻዬ። ሁዳዴ ገብቷል፤ የሽሮ ወራት ነው። ከማሾ ሽሮ ይሠራል ስል የሳቁብኝ ሁሉ አሁን ደጄ ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዘይቱም ከሰሉም ተወዷል፤ የማሾ ሽሮ ደግሞ ቶሎ ይበስላል፣ ዘይት አይጠይቅም። ጦርነቱ ያስተማረን አበሳሰል።

የቀድሞውን ሞተር ጦርነቱ ወስዶታል። ይኼ ወርቄን ሸጬ የተካሁት ነው። ድምፁ ደስ ይላል።

ከአ.አ. ሽሮዬን የሚረከበኝ ባለ ሱቅ ደወለ። የላክሁለት አልቋል፤ ጨምሪ ይላል። ገዢው ከረጢቱን በምልክቱ እየጠራ ይጠይቃል አለኝ። ምልክቱ ጆሮ ነው። የእህል ጆንያ ሲሰፋ ሁለቱ ማዕዘኖቹ ተጠምልለው ይታሰራሉ፤ ጫኞች የሚይዙበት፣ የጆንያ ጆሮ የምንለው። እኔ እህል ስነግድ መሃል ላይ ሦስተኛ አስጨምር ነበር፤ ከባድ ጆንያ በሦስት እጅ ሲያዝ አይቀደድም። ጫኞቹ የእኔን በዚያ ይለዩታል። ሽሮውንም በትንሽ የአቡጀዲ ከረጢት፣ በሦስት ጆሮ አደረግሁት። የጫኞቹ አለቃ ጋሽ ጌቶ ግን አይለቀኝም፦ «ዘይነባ፣ ሁለት ጆሮ ለመርሳ ወሬ አልበቃሽ ብሎ ነው?»

የካቲት 29

ባለ ሱቁ ዛሬ በቁጣ ደወለ። ሁለተኛው ጭነት ድስት ውስጥ ይጓጉላል፣ ይጎመዝዛል፣ ምን ነካሽ አለኝ። እኔ ሁለተኛ ጭነት አልላክሁም! ከማን ገዛህ? ከወልድያ ከመጣ መኪና አለኝ። በባለ ሦስት ጆሮ ከረጢት።

በሚኒባስ ወልድያ ወጣሁ። ብዙም አልፈለግሁ። ኢብሬ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተደርድሯል፤ አቡጀዲ፣ ሦስት ጆሮ፣ ያው ቁመት። ኢብሬ የድሮ ሸሪኬ ነው፤ ስንት ዓመት እህል አብረን ነግደን በሰላም ተለያይተናል። ጠየቅሁት። ሳቀ።

«ዘይኔ፣ ጆሮን የሰጠ አላህ ነው። አንቺ ነሽ የፈጠርሽው?»

አልተቆጣሁም። ቁጣ ገበያ አይመልስም። አንድ ከረጢት ገዝቼ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ቀመስሁት። ጓያ! ማሾው ላይ ጓያ ቀላቅሏል። ጓያ ርካሽ ነው፤ ሲበዛ ደግሞ ጉልበት የሚያስር እህል መሆኑን ሕፃን ያውቃል። ሰው አንድ ቀን ቢታመም የሚረግመው ሦስት ጆሮን ነው።

መጋቢት 2

ወልድያ፣ ንግድ ጽ/ቤት። ንግድ ፈቃዴን ከነፕላስቲኩ ከግድግዳ አውርጄ ይዤ ሄድሁ፤ ከሰስሁት ብዬ። ሠራተኛዋ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ፈቃዱ እንድነግድ የተፈቀደበት ነው። እሱ ላይ ያለው ስም የድርጅቱ ስም ነው። ከረጢቱ ላይ ያለው ምልክት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ንግድ ምልክት ይባላል፤ የሚመዘገበው አ.አ. ነው፣ ለብቻው።

መጀመሪያ አፈርሁ። መርሳ ውስጥ ፈቃዱን ሰቅሎ ንብረቴ ተጠበቀ ብሎ የማይተኛ ነጋዴ የለም፤ እኔም አንዷ። በመንገድ ላይ ግን ደስታ ያዘኝ። እስቲ አስበው፣ ማስታወሻዬ። ጦርነት ሲመጣ ሞተር ይጫናል፣ እህል ይጫናል፣ የበር ቆርቆሮ እንኳ ተነቅሎ ይጫናል። ምልክት በምን መኪና ይጫናል? እንዲህ ያለ ንብረት መኖሩን እስከ ዛሬ አለማወቄ!

መጋቢት 20

ውክልና ሰጥቼ የእህቴን ልጅ ሐያትን ላክኋት። አ.አ. የሂሳብ ሠራተኛ ናት፤ በምሳ ሰዓቷ ትሮጥልኛለች። ያስያዝሁት ስም «የመርሳ ማሾ ሽሮ» ነበር። ዛሬ ደውላ አይሆንም አለች። መርሳ የአገር ስም ነው፤ ማሾ ሽሮ የዕቃው ስም ነው። ማንም ከመርሳ ማሾ ፈጭቶ ያንኑ መጻፍ ይችላል። ምልክት የእኔን ከሌላው መለየት አለበት።

ልክ ነው። እኔም በሌላው ቦታ ብሆን ደስ አይለኝም፤ ሰው መርሳን አጥሮ የኔ ነው ሲል!

ታዲያ ለጫኞቹ የእኔን የሚለየው ምንድን ነው? የጆሮውን ነገር እየሳቅሁ ነገርኋት፤ እሷም ሳቀች። «አክስቴ፣ እሱ ነው!» ሥዕሉን አሠርታ «ሦስት ጆሮ» ብላ ታስገባለች። ለሽሮና ለዱቄት።

ሚያዝያ 10

ሁለቱ ጾም ተገናኝተዋል፤ ክርስቲያኑ በሁዳዴ መጨረሻ፣ እኛ በረመዳን። ሽያጭ ጥሩ። ማመልከቻው ገብቷል፤ ተመሳሳይ ምልክት መኖር አለመኖሩ ይመረመራል። የኢብሬ ከረጢት ዛሬ መርሳ ገበያ ደረሰ። ምን ልበል? ወረቀቱ እስኪመጣ አፌ ባዶ ነው። ባለ ሱቁ ደግሞ ቁርጡን ተናግሯል፦ ምዝገባው ካላለቀ ከእኔም ከሌላም አይገዛም፤ የቱ የማን እንደሆነ አያውቅማ።

ግንቦት 18

ጋዜጣ ላይ ወጣ!! ሐያት ፎቶውን ላከችልኝ። ከረጢቱ፣ ሦስቱ ጆሮ፣ ስሜ ከነአያቴ። ነጠላዬን ጥዬ ሮጥሁ። ጋሽ ጌቶ ስልኩን አርቆ፣ አቅርቦ አየው። «እኛ የያዝነው ጆሮ ነው ይሄ? ወላዲተ አምላክ!» ጫኞቹ በሙሉ ጭነት ጥለው ተሰበሰቡ። የሁለት መኪና ሹፌሮች ጥሩምባ ነፉ፤ የደስታ አይደለም፣ የንዴት።

አንድ ነገር ግን አለ። የሚወጣው ተቃዋሚ ካለ እንዲናገር ነው፤ የተወሰነ ጊዜ ይሰጠዋል። ኢብሬ ጋዜጣ አያነብም። እኔ ግን በደስታዬ ለገበያው ሁሉ ለፍፌአለሁ። ብልጧ ዘይነባ!

ሰኔ 9

ሰምቷል። ሽማግሌ ላከ። ሦስተኛውን ጆሮ የጀመርነው አብረን ስንነግድ ነው፣ እቃወማለሁ ይላል። ውሸት አይደለም፤ ሐሳቡ የእኔ፣ መጋዘኑ የእሱ ነበር። ተቃውሞው ከገባ ክርክሩ መቼ እንደሚያልቅ እንጃ። ባለ ሱቁ አይጠብቅም።

ሼህ ሙሄና ሁለት ሽማግሎች ከኢብሬ ጋር ቤቴ ተቀመጡ። አዝማሚያቸው ገባኝ፦ ወንድምና እህት ናችሁ፣ ሁለታችሁም ተጠቀሙበት። እጃቸው ለዱአ ሊነሣ ነው። እዚህ አገር ዱአ ተደርጎ አሚን ከተባለ በኋላ እምቢ ማለት አይቻልም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ከእጃቸው ቀደምሁ።

«ሼህ ሙሄ፣ አንዴ ይታገሡኝ። በባዶ ሆድ አይፈርዱም፤ ምሳ ላቅርብ።»

ሁለት ድስት ሽሮ ሠርቼ ነበር፤ አንዱ ከእኔ፣ አንዱ ከእሱ ከረጢት። የቱ የማን እንደሆነ አልተናገርሁም። ሁለቱንም በሉ። ሼህ ሙሄ ከሁለተኛው አንዴ ጎርሰው እጃቸውን ሰበሰቡና ጉልበታቸውን ያሹ ጀመር።

«ኢብሬ።»

«አቤት፣ ሼህ።»

«ከዚህ በልቼ ልነሣ ብል የምትሸከመኝ አንተ ነህ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኢብሬ መሬት መሬት አየ። እኔ አልሳቅሁም፤ ሰውን ካሳፈሩት በኋላ መሸጥ አይቻልም። ሐሳቤን አቀረብሁ። ምልክቱ በስሜ ይመዝገብ። አይቃወም። እኔ ደግሞ በጽሑፍ እፈቅድለታለሁ፤ ወልድያ ላይ በእሱ ወፍጮ፣ በእኔ አሠራር፣ በሦስት ጆሮ ይፈጭ። ከየፍጩ እኔ ሳልቀምስ አንድ ከረጢት አይሰፋ። ወፍጮው ከእኔ ይበልጣል፤ ትእዛዙ ደግሞ ከእኔ አቅም በላይ ነው። ጠላት የማደርገው ለምንድን ነው?

ኢብሬ ቀና አለ። «ጓያዬንስ ምን ላድርገው?» አለ። ሼህ ሙሄ፦ «ለሚጠሉህ ላክላቸው!»

ያኔ እጃቸው ተነሣ። አሚን አልን።

ሐምሌ 14

ውሉ በወልድያ ተፈረመ። የመቃወሚያው ጊዜ አለፈ፤ ማንም አልተናገረም። ኢብሬ ሲያስቀምሰኝ እንደ ተማሪ ይቆማል። ሁለት ጊዜ እንደገና አስፈጨሁት፤ ሦስተኛው ጥሩ። ወላሂ እጁ ከእኔ ይሻላል። አልነገርሁትም።

ነሐሴ 9

ሐያት ደወለች። እያለቀሰች ነው፤ ደነገጥሁ። የምስክር ወረቀቱን ይዛ ነው! በስልክ አስነበብኋት። ደግማ አነበበችልኝ። ባለ ሱቁ ፎቶውን አይቶ ለስድስቱም ሱቆቹ አዘዘ። አልሐምዱሊላህ። ዛሬ ወፍጮ ቤት የገባ ሁሉ በነፃ ፈጭቷል። ዛሬ ብቻ።

ነሐሴ 19

ከቆቦ በኩል ጦርነቱ እንደገና ተጀምሯል ይላሉ። ስልክ ይቆራረጣል። ማሾ ገዛሁ፤ ሰው በርካሽ እየለቀቀ ነው።

ነሐሴ 22፣ ከሰዓት

የወልድያ ሰው ከተማውን ለቆ እየወጣ ነው። መንገዱ በባጃጅ፣ በጋሪ፣ በእግረኛ ተሞልቷል፤ ሁሉም ወደ ደሴ። ኢብሬ ደወለ። ወፍጮውን ነቅሎ ጭኗል፤ ኮምቦልቻ የሚያሠራው ቤት አግኝቷል። የባለ ሱቁ ትእዛዝ አለብን፣ አንቺ ሳትቀምሺ ልስፋ ወይ አለ። በዚህ ትርምስ ውስጥ እንኳ ጠየቀ። አትስፋ አልሁት።

ጋሽ ጌቶ አንድ አይሱዙ አስቁሞልኛል። ግማሹ በሰው ተይዟል። የቀረው ቦታ ወይ ሞተሩን ይይዛል፣ ወይ ማሾውንና የአቡጀዲውን ጥቅል። ጫኞቹ ሞተሩን ሊነቅሉ መፍቻ ይዘው ቆመዋል። ወርቄ ነው። አየሁት። ገና ሙቅ ነው፣ ጠዋት ተፈጭቶበታል።

«ቁርጡን ተናገሪ፣ ሹፌሩ ሊሄድ ነው!» ይላል ጋሽ ጌቶ።

ተናገርሁ። ሞተሩ ይቅር። መርሳ ያለ ሦስት ጆሮ ይሰነብታል፤ ሦስት ጆሮ ግን ያለ መርሳም ይሠራል፣ ቀማሽ ካለው። ማሾውን እየጫኑ ነው። ኮምቦልቻ እሄዳለሁ፣ ከኢብሬ ወፍጮ አጠገብ እቆማለሁ፣ የመጀመሪያውን ፍጭ እኔ እቀምሳለሁ።