በቀይ እርሳስ የተሞላው

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8። ከጠዋቱ 4 ሰዓት።
ያለ ኮምፓስ ሃያ ክብ። አሥራ ዘጠኙ ድንች፣ አንዱ እንቁላል። ጋሽ ግርማ ተስፋ አለሽ ይላሉ። ጡረታ የወጡ የንድፍ ባለሙያ ናቸው፤ ምሥራቅ ክ/ከ፣ በረንዳቸው ላይ ሥዕል ያስተምራሉ። ተማሪያቸው እኔ ብቻ። ሃያ ዓመት በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሰው መጽሐፍ ስመዘግብ ኖሬ፣ አንድ ነገር በራሴ እጅ ልሥራ ብዬ ነው፣ ደብተሬ። እህቴ ሰላም ባል ፍለጋ ነው ትላለች። ሰውዬው ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው።
ጋሽ ግርማ ስህተት በአፍ አይናገሩም። ሥዕሌ ላይ ስስ ወረቀት ያነጥፉና የሳትኩትን በቀይ እርሳስ ይሥሉታል። ቀን ጽፈው ይሰጡኛል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15።
ዛሬ ልክ አወሳሰድ። ክንድ ዘርግቶ፣ እርሳስ አቁሞ፣ አንድ ዓይን ጨፍኖ። ዓይንሽን አንድ ቦታ ትከዪ፣ እንዳታንከራትቺው ይላሉ። የምጨፍነው ቀኙን ነው። ግራው ለብቻው አይጨፈንልኝም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ግትር ነው።
ጆግ ሣልኩ። ቀዩ እርሳስ በቀኝ በኩል እጀታ ጨመረበት። እጀታ የሌለው ጆግ ፍልስፍና ነው አልኳቸው። አልሳቁም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22።
መንገዱን ከበረንዳ። አጥር፣ ዛፍ፣ በስተቀኝ የመብራት ምሰሶ። ምሰሶው አናት ላይ አባ ኮዳ፤ ራሰ በራው ወፍ፣ ኑዛዜ ሊያነብ የመጣ ጠበቃ መስሎ። ቀኙን ጨፍኜ፣ ግራ ዓይኔን ዛፉ ላይ ተክዬ ሠራሁ።
ወፉስ? አሉኝ። በረረ አልኩ።
ወደ ምሰሶው ጠቆሙ። እዚያው ነው። ከመጣሁ ጀምሮ ክንፉን አላነሣም።
ስስ ወረቀቱን አነጠፉ። ወፉን ሣሉ፣ ከምሰሶውም እኩሌታውን። ከዚያ ወረቀቱን ትተው እኔን ያዩኛል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26። የምሳ ሰዓት።
የሙያ በሽታ፦ ወረቀቶቹን በቀን ቅደም ተከተል ደርድሬ ቢሮዬ መስኮት ላይ ለጠፍኩ። የክቦቹ ቀይ የትም የተበተነ ነው። በሁለት ዓይን ነበር የሠራኋቸው። ከጆጉ ወዲህ ቀዩ ሁሉ በስተቀኝ ነው። ግድየለሽነት ነው አልኩ። ግድየለሽ ሰው ግን የትም ይስታል፣ አንድ ቦታ አይመርጥም።
ምሳዬን አልበላሁም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29። ረፋድ።
ጋሽ ግርማ ዛሬ ወረቀት አልሰጡኝም። ስለ ወንድማቸው ነገሩኝ፤ ሹፌር ነበር። እሱም ቀድሞ የአንድ ዓይኑ እይታ ከአንድ ጎን ነው የጠፋበት፤ ሳያመው፣ ሳያውቀው። ሌላው ዓይን ይሸፍንለት ነበር። ሐኪም ቤት የሄደው ሁለተኛውም ሲጀምረው ነው።
አሁን ይነዳል? አልኳቸው።
“በር ድረስ እጁን ይዘን እናወጣዋለን” አሉ። “ሐኪም ሳያይሽ እዚህ እንዳትመጪ፣ ልጄ።” ቀዩን እርሳስ ኪሳቸው ከተቱ።

ያው ቀን፣ 11 ሰዓት።
ሰኞ ማለዳ ዓይን ሐኪም ዘንድ። ተወሰነ። ቤታችን ውስጥ ካሉት መጻሕፍት ያላነበብኳቸውን መቁጠር ጀምሬ ተውኩት።
ሰላምን ልነግራት ጠራኋት። በስተቀኜ በሩ ላይ ቆማ ምን ሆነሻል፣ ሽማግሌው አልቀበልም አሉሽ እንዴ ትለኛለች። ዓይኔን ከፊቴ ያለው መስኮት ላይ ተክዬ ቀኙን ጨፈንኩ።
በሩ አለ፣ ባዶውን። ድምጿም አለ።