ተራቸውን ለባሰበት የለቀቁት የወይዘሮ የሺዓለም ተክለሃይማኖት የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ የሺዓለም ተክለሃይማኖት ከአባታቸው ከአቶ ተክለሃይማኖት ወልዴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓለምጸሃይ ደስታ፣ በአዲስ አበባ ከተማ፣ አራዳ፣ ዶሮ ማነቂያ ተብሎ በሚጠራው ሰፈር፣ ጥር 12 ቀን 1951 ዓ.ም. በቃና ዘገሊላ ዕለት ተወለዱ። አባታቸው ልብስ ሰፊ፣ እናታቸው የቅመም ነጋዴ ነበሩ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረዋል። የእጅ ጽሑፋቸው ያማረ ስለነበር በ1972 ዓ.ም. ከፒያሳ ዝቅ ብሎ በነበረ አንድ ክሊኒክ ራጅ ክፍል ውስጥ በካርድ ጸሐፊነትና በተራ ጠሪነት ተቀጠሩ። እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስም በዚያው አንድ ወንበር ላይ ለሠላሳ ዘጠኝ ዓመታት አገልግለው በጡረታ ተሰናብተዋል።

በአራዳ ራጅ የተነሳ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ሴት ስትመጣ «እርጉዝ ነሽ?» ብለው ሳይጠይቁ ወደ ጨረሩ አያስገቡም ነበር። ተራ የሚዘል ሰው ደግሞ አይወዱም። አንድ ጊዜ አንድ ባለሥልጣን ሰውን አልፈው ሊገቡ ሲሉ፣ «ጌታዬ፣ ይሄ ማሽን አጥንት እንጂ ማዕረግ አያነሳም፤ ይቀመጡ» ብለው አስቀምጠዋቸዋል። ሰውየውም ተቀመጡ።

ሌላም የሚታወቁበት ነገር ነበራቸው። ፊልሙ ላይ ክፉ ነገር ከታየ ፖስታውን ለታማሚው አይሰጡም፤ አብሮት የመጣውን ሰው ወደ ኮሪደር ጠርተው ለእሱ ይሰጡ ነበር። «ፊታችሁ ላይ እንዳያነበው፣ ታጥባችሁ ግቡ» ብለው ይመክራሉ። ታማሚው ሲጠይቃቸው «ምንም የለብህም፣ ንፁህ ነው» ይሉታል። በዚህ ብዙ ሰው መርቋቸዋል። እኔም ልጃቸው፣ በልጅነቴ በዚያ ኮሪደር ተቀምጬ ሳይ ጥሩ ሥራ ይመስለኝ ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ከሰዓት ሠሪው ከአቶ ዘርዓብሩክ ገብሬ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጽመው ሁለት ሴት ልጆችን አፍርተዋል። ባለቤታቸው በ1998 ዓ.ም. ሳንባቸውን ሲታመሙ ፊልሙን ያነሱት እዚያው ክሊኒክ ነው፤ ፖስታውን የተቀበሉትም እናቴ ናቸው። «ብሮንካይት ነው» አሏቸው። አባቴ ብሮንካይት ነው ብለው ሞቱ። እናቴም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ «ሳይጨነቅ ሄደልኝ» እያሉ ይጽናኑበት ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያለውን አጎቴ አቶ ሉልሰገድ አይተው ፈቅደውታል። ከዚህ ቀጥሎ እሳቸው ያዘጋጁት፣ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» የሚል አንድ መስመር ነበር። እኔ ጽዮን ዘርዓብሩክ፣ የመጀመሪያ ልጃቸው፣ ያንን መስመር አውጥቼዋለሁ። አጎቴ አሁን ይህን ሳነብ ከፊቴ ቆመዋል፤ ከፈለጉ በኋላ ይቆጡኝ።

በጥቅምት ወር 2016 ዓ.ም. እናቴ በዕድሜያቸው የማይጠበቅ ደም ታያቸው። ሆስፒታል ስንሄድ ካርድ ክፍሉ ላይ የራሴን ስልክ ቁጥር ሰጠሁ። እናቴ ግን እስክሪብቶውን ተቀብለው «የታካሚ ስልክ ማለት የታካሚ ስልክ ነው» ብለው ሰረዙና የራሳቸውን ጻፉበት። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የሠሩበት ሙያ ነውና ሳቅሁ።

በሽታው የማሕፀን በር ካንሰር ነበር። ሐኪሙ እኔንና አጎቴን ለብቻ ጠርተው፣ ገና እንዳልተሠራጨ፣ የጨረር ሕክምናውን በጊዜው ካገኙ የመዳን ዕድላቸው ጥሩ እንደሆነ ነገሩን። ወረፋው ግን ወራት ይፈጃል። አጎቴ «ባሏን እንዲያ አድርጋ ነው ያሰናበተችው፤ እሷም የምትፈልገው ይህንኑ ነው» አሉ። እኔም ተስማማሁ። ሐኪሙን ለምነን ካርዱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ለታካሚዋ እንዳይነገር» አስጻፍን። ፊቴን ታጥቤ ገባሁና «ኢንፌክሽን ነው እማዬ» አልኳቸው። ከእሳቸው የተማርኩት ነው፤ በደንብ ዋሸሁ።

ግንቦት 19 ቀን የእናቴ ስልክ ጮኸ። ያኔ የተባባሉትን፣ የደወለችላቸው የሆስፒታሉ ነርስ በኋላ እያለቀሰች ነግራኛለች። «የጨረር ሕክምና ወረፋዎ ደርሷል፣ የሚመጣው ሰኞ ጠዋት ይምጡ» አለቻቸው። እናቴም «ልጄ፣ እሱ የካንሰር ሕክምና ነው፤ የኔ ኢንፌክሽን ነው፣ መድኃኒቱንም ጨርሻለሁ» አሉ። ነርሷ ካርዱን ገለጠች፤ ቀዩን ጽሑፍ አየች። ልትነግራቸው አልቻለችም። «እስኪ ቤተሰብዎን ያማክሩ» ብቻ አለች። እናቴ «ከኋላዬ ስንት የባሰበት ተቀምጦ ምን ያስማክረኛል? ለእሱ ስጪው» ብለው ዘጉ። ነርሷ እስከ ሰኞ ጠብቃ ስማቸውን ሰረዘች።

እኛ የሰማነው ከአሥራ ሦስት ቀን በኋላ፣ እሑድ ምሳ ላይ ነው። እናቴ እየሳቁ «የዘንድሮ ካርድ ክፍል እኮ ሰው ከሰው ያምታታል፤ እኔን ካንሰር አለብሽ ሊሉኝ ነበር» አሉ። አጎቴ አብረው ሳቁና «ደግ አደረግሽ» አሉ። እኔ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ያን ቀን እንኳ እውነቱን መንገር እንችል ነበር። እጄን ታጥቤ ተመልሼ ምሳዬን በላሁ።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄደን ለመንን። «ወረፋ ነው፤ ማንንም አናስዘልልም» አሉን። ትክክል ናቸው። ወንበሩ ላይ እናቴ ቢሆኑም ይህንኑ ይሉን ነበር። በእሳቸው ተራ ገብታ የታከመችውን ሴት አላውቃትም። ድና ይሆናል። እግዜር ይማርሽ ልላት ይገባኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ ከአፌ አልወጣም።

እንደ አዲስ ያስመዘገብነው ሁለተኛው ተራ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ሲደርስ በሽታው አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። ሐኪሙ ጨረሩ ከእንግዲህ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ አያድንም አሉ። አምስት ቀን ተሰጣቸው። እኛም «ለወገብሽ ነው» አልናቸው። በአምስተኛው ቀን ታክሲው ቸርችል ጎዳናን ሲወጣ፣ እናቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ «ጽዮንዬ፣ ያኔ የደወሉልኝ ለዚህ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። «አይደለም እማዬ» አልኩ። «እሺ» አሉ። ሁለተኛ አልጠየቁኝም። ያንን መልስ ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለሰው ሲሰጡት ኖረዋል።

ወይዘሮ የሺዓለም ተክለሃይማኖት በተወለዱ በ66 ዓመታቸው የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተው፣ ዛሬ ወዳጅ ዘመዶቻቸው በተገኙበት በቅድስት ሥላሴ ሥርዓተ ቀብራቸው ይፈጸማል። የሁለት ሴት ልጆች እናትና የአንዲት የልጅ ልጅ አያት ነበሩ። ልጆቻቸው ጽዮንና ዊንታ፣ የልጅ ልጃቸው ጸሎት፣ ወንድማቸው አቶ ሉልሰገድም በሐዘን ቀርተዋል። ሰውን ያለ ወረፋ የሚቀበል አምላክ ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ለምንወደው ሰው እውነት የምንናገርበት አፍ ይስጠን።

እማዬ፣ አፈር ሳትለብሺ በፊት የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። በሽታሽ ካንሰር ነበር። ተራሽም ደርሶ ነበር። አዎ፣ የደወሉልሽ ለዚህ ነበር።