ጭቃ የሌለበት ከተማ

ሚዛን ተፈሪ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2003 ዓ.ም.

የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ፎርሙን ነገ አስረክባለሁ። ከስንት ክርክር በኋላ ሦስት ከተማ ቀርቶኛል፤ ጅማ፣ ሐዋሳና ድሬዳዋ። አባዬ "ጅማን አንደኛ አድርጊ" ብሎ ችክ ብሏል፤ እህቱ እዚያ ስላለች እንድትጠብቀኝ ነው። እኔ የምፈልገው ድሬዳዋን ነው፤ ግን ደፍሬ አልተናገርኩም።

እማዬ ማንበብ ስለማትችል ከተሞቹን አንድ በአንድ አስጠራችኝ። ጥያቄዋ አንድ ብቻ ነበር። "ዝናብ አለው?" ዝናብ የሌለው አገር ለእሷ አገር አይደለም።

ድሬዳዋ ላይ ስደርስ መዋሸት አቃተኝ። "ፀሐይ ብቻ ነው እማዬ። ጭቃ የሚባል ነገር የለም።"

አባዬ "በቃ፣ ተሰረዘች!" ብሎ ሳቀ።

እማዬ ግን ምድጃው ዳር ሦስት ቀን ሙሉ አልደርቅ ያለውን ጫማዬን አየችው። "አንደኛ አድርጊው" አለች። "ከዚህ ቤት አንድ ሰው እንኳ በደረቅ ጫማ ይማር።"

እኔ ሐሳቧን ከመቀየሯ በፊት ቶሎ ብዬ ድሬዳዋን አንደኛው መስመር ላይ ጻፍኩ። እየሳቅኩ ቀና ስል ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠው ጀመር። ይሄን ድምፅ ሳልሰማ እንዴት ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ?

ፎርሙ የተሞላው በእርሳስ ነው። ላጲሱ ደግሞ አጠገቤ ነው።